ከከተማ የወጣው አራተኛ ጥራዝ

ወደ መካነ ሰላም የሄድኩት ለአራት ቀን ነበር። ታላቅ እህቴ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አንሸራቷት እግሯ ተሰብሮ ስለነበር፣ ጄሶውን እስክትለምደው አጠገቧ ልሁን ብዬ ከደሴ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ፤ የስልኩ ኔትወርክም አብሮ ጠፋ። መንገድ ሲዘጋ ለምን እንደተዘጋ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አይገኝም፤ መቼ እንደሚከፈት የሚናገር ግን በየሱቁ በር ላይ ተቀምጧል። ከሃያ ዓመት በላይ በሪፖርተርነት ስለሠራሁ፣ እንዲህ ያለውን ወሬ መልቀም ትርፉ ድካም መሆኑን አውቃለሁ። እህቴም «አብሽሪ፣ መንገድ መዘጋት ባንቺ አልተጀመረም» ብላ አሾፈችብኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ይዤው የሄድኩትን አንድ መጽሐፍ ጨርሼ ነበር። የሚነበብ ነገር ስፈልግ ከእህቴ ልጅ ትራስ ሥር አንድ ቀጭን ጥራዝ አገኘሁ። ሽፋኑ ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተቆረጠ ነው። ጀርባው በጆንያ መስፊያ ክር ተሰፍቷል። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «፫» የሚል ቁጥር አለ። ስገልጠው በዓረፍተ ነገር መካከል ይጀምራል፤ አንዲት ልጅ መብራት በጠፋበት ኮሪደር ውስጥ የሌላ ሰው ጫማ በእጇ ይዛ ትሄዳለች። እስከ ምሳ ሰዓት ከወንበሬ አልተነሳሁም።

የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ጥራዙን በእጄ ስታየው ደነገጠች። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እኔን በአንቱታ ነው የምታናግረኝ፤ አንቺ በይኝ ብላት እናቴ ፊት አይሆንልኝም ትላለች።

«እትዬ፣ ከሦስት ነው የጀመሩት?» አለችኝ፣ ያልበሰለ ነገር ስበላ ያገኘችኝ ይመስል።

በማግስቱ አንደኛውንና ሁለተኛውን ከጓደኞቿ ተውሳ አመጣችልኝና ሕጉን አስረዳችኝ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ አንባቢዎቹ ሰባት ሴት ልጆች። አንድ መምህር አንብቦ ከሰጣቸው በኋላ ማን ይቅደም በሚለው ሲጨቃጨቁ፣ ከመካከላቸው መርፌ የሚቀናት አንዷ መጽሐፉን በምላጭ ለሰባት ከፍላ ሰፋችው። ሽፋኑ ያኔ ተቀዶ ስለጠፋ ርዕሱን እንኳ የምታስታውስ የለችም። ተራ ወጣ። የመጀመሪያዋ ልጅ አንደኛውን ጨርሳ ለሁለተኛዋ ታቀብልና ራሷ ሁለተኛውን ትይዛለች፤ እንዲህ እያለ ሰባቱ ጥራዝ ሰባቱንም ይዞራል። የሚለዋወጡት ሰኞና ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ነው። ወደፊት የሚመጣውን ያወራች ልጅ ወደ ተራው መጨረሻ ትወርዳለች። ሌላው ሕግ፣ ጥራዝ ከከተማ አይወጣም።

የመጨረሻው ሕግ ምክንያት አለው። ከሰባቱ አምስቱ የገጠር ልጆች ናቸው። ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በእግራቸው ወደየቤታቸው ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ውስጥ ዘይትና በርበሬ አለ፤ መንገድ ላይ ዝናብ አለ፤ ቤት ደግሞ ወረቀት ሲያገኝ የማይቀድ ሕፃን የለም። ስለዚህ ጥራዝ በእጇ ያለ ልጅ ስንቅ ልታመጣ ከመውጣቷ በፊት ለከተማ ልጅ አደራ ትሰጣለች። ይህን ሕግ ያወጣችው መጽሐፉን የሰፋችው ልጅ ራሷ ናት።

ታሪኩ ለወጣቶች የተጻፈ የምስጢር ልቦለድ ነው። በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ ትጠፋለች። አስተዳደሩ ወደ ቤተሰቧ ሄዳለች ይላል። የክፍል ጓደኛዋ ግን ጫማዋን ከአልጋ ሥር ታገኘዋለች፤ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ያላት ልጅ በባዶ እግሯ ከአዲስ አበባ እስከ ቤተሰቧ እንዴት ትደርሳለች? ከዚያ ወዲያ ምዕራፉ ሁሉ የሚያበቃው ወይ በር ሲንኳኳ፣ ወይ ስልክ ሲጠራ ነው። ደራሲው የሚያውቀውን ይደብቃል፤ አንባቢው ደግሞ መደበቁን እያወቀ ይከተለዋል። በእኔ ሙያ እንዲህ ያደረገ ሰው ከሥራ ይባረራል። ቢሆንም ሁለቱን ጥራዝ በአንድ ቀን ጨርሼ አራተኛውን ጠየቅኩ።

አራተኛው የለም አለችኝ። በተራው ከእሷ በፊት ያለችው መጽሐፉን የሰፋችው ልጅ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ዓርብ ዕለት ስንቅ ላመጣ ብላ ከከተማ ወጣች፤ ሁለት እሑድ አለፈ፣ አልተመለሰችም። አራተኛውንም ጥራዝ ይዛው ሄዳለች።

መጀመሪያ የእህቴ ልጅ የተጨነቀችው ታሪኩ ልቧን ሰቅሎት መስሎኝ ነበር። አምስተኛው ጥራዝ ተቀባይ ስለጠፋ በአደራ የተቀመጠው እሷ ዘንድ ነበር። ታዲያ እሱን አንብቢው፣ የጎደለው ራሱ ይገባሻል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እኔ ወስጄ ማንበብ ስጀምር ቆማ አየችኝ።

«ዜና ሲጽፉም እንዲህ ነው የሚዘሉት?»

የልጅቱን ነገር የነገረችኝ በማግስቱ ከሰዓት፣ ጓሮ ልብስ እያሰጣን ነው። የልጅቱ አባት ከሞተ በኋላ ቤቱን የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሟ ነው። ሰው ወደ ዐረብ አገር ከሚልኩ ደላሎች ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል፤ መንገዱ ሲከፈት ልትሄድ ነው። መታወቂያ ወጥቶላታል። እንደ እህቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሆኖ ሳለ መታወቂያው ላይ ሃያ አንድ ተብሏል። እሷ ግን ፈተናዋን ሳትፈተን መሄድ አትፈልግም።

ማን ነገረሽ አልኳት። አብራት የምትከራየው ልጅ አለችኝ። ልጅቱ ራሷ ለአንቺ ያለችሽ ነገር አለ? የለም። ታዲያ አለመፈለጓን በምን አወቅሽ?

«ጥራዙን ይዛ ሄደች» አለችኝ። «ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። እኛ እንድንመጣ ነው የወሰደችው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ልንቀበል መጣን ያለን ልጅ ማን ከበር ይመልሳል?»

«ረስታው ይሆናል።»

«እሷ አትረሳም።»

ስድስቱ ልጆች በማግስቱ፣ ዓርብ ከክፍል ሲወጡ፣ ሊሄዱ ተነጋግረው ነበር። ቤቷ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አይተዋት፣ ጥራዙን ተቀብለው፣ እመጣለሁ ካለች ይዘዋት ሊመለሱ። እኔ ከለከልኳት። መንገዱ በዚህ ሰሞን ለልጆች አይሆንም አልኳት። ያልተጣራ ነገር ይዞ የሰው ቤት መግባት ጥሩ አይደለም አልኳት። ደግሞም የሚፈራው መንገዱ ሲከፈት ከሆነ፣ መንገዱ እንደተዘጋ ነው፤ የትም አትሄድም፤ እስከ ሰኞ እኔ ላጣራ። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ሲታዩ ዛሬም ስህተት አይመስሉኝም፤ እረፍት የነሳኝም ይኸው ነው።

የእህቴ ልጅ እሺ አለች። ለጓደኞቿም አክስቴ ጋዜጠኛ ናት፣ እሷ ትደርስበታለች ብላ እንደነገረቻቸው በኋላ ሰማሁ።

ዓርብ ማለዳ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከልጅቱ ጋር አብራ ወደምትከራየው ልጅ ሄድኩ። ክፍሏ ሁለት አልጋ፣ አንድ የከሰል ምድጃና በግድግዳው ላይ የተለጠፈ የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ አለው። በአንደኛው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ የለም። እንደ ልማዴ ገጹን ለሁለት ከፍዬ፣ በአንዱ በኩል ያየችውን፣ በሌላው በኩል የሰማችውን ጻፍኩ። ያየችው፦ ጓደኛዋ ጥቁር ሻሽ ከእሷ ተውሳ ፎቶ ቤት መሄዷን፣ በደብተር መካከል ስድስት ጉርድ ፎቶ መኖሩን፣ የመጨረሻው ዓርብ ዕለት ብርድ ልብሷን ጠቅልላ መያዟን። የሰማችው፦ ደላላውን፣ መታወቂያውን፣ ዐረብ አገሩን። ልጅቱ ራሷ ስለ መሄዷ ምን አለች ብዬ ጠየቅኩ። ምንም አላለችም፤ ለፈተናው ስንት ሳምንት እንደቀረ ግን በሠሌዳው ላይ በጣቷ ትቆጥር ነበር አለችኝ። ይህን የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደማስገባው አላወቅኩም፤ ከገጹ ግርጌ ጻፍኩት።

ከዚያ የክፍል ኃላፊ መምህሯን አገኘሁ። መቅረቷን አውቋል፤ ነገር ግን መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የቀሩት ብዙ ናቸው፤ ማን በምን ምክንያት እንደቀረ ለመለየት ተቸግሯል። ሐቀኛ መልስ ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ አምስተኛውን ጥራዝ ቀጠልኩ። ጀግናዋ ልጅ የጓደኛዋን ጫማ ይዛ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ትገባና ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ርዕሰ መምህሩ አይቆጣም። ማን አየ፣ መቼ አየ እያለ በጥንቃቄ ይጽፋል። ከዚያ የሌላውን ወገን ቃል መስማት አለብኝ ብሎ፣ ልጅቱ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ለጠፋችው ልጅ አሳዳጊ ይደውላል። አሳዳጊው «ሃሎ» ሲል ምዕራፉ ያበቃል። ከመጽሐፉ ሁሉ ለእውነት የቀረበው ገጽ ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሙያዬ ካስተማረኝ ነገር ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ይህ ነው፤ የተወቀሰ ሰው ቃሉን ሳይሰጥ ወሬው አይወጣም። ስንቱን ጀማሪ በዚህ ገሥጫለሁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነበር። የልጅቱ ወንድም በግ ሊሸጥ እንደሚመጣ አብራት ከምትከራየው ልጅ ሰምቼ ነበር፤ መልኩንም ነግራኛለች። ለእህቴ ልጅ ሳልነግራት ወጣሁ።

በበግ ተራው ጫፍ፣ ሁለት በግ በገመድ ይዞ አገኘሁት። ሠላሳ የሚሆነው፣ ረጋ ያለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሰማ ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ማን እንደሆንኩ፣ የማን አክስት እንደሆንኩ፣ ሥራዬንም ጭምር ነገርኩት፤ ማንነቴን ደብቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። እህትህ ለምን ከትምህርት ቀረች አልኩት። ራሷን አሟት ነው አለ። ዐረብ አገር ልትሄድ ነው፣ መታወቂያዋም ላይ ዕድሜዋ ተጨምሯል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ አልኩት። የአንዱን በግ ላት በእጁ መዘን መዘን አደረገ።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

የነገረኝን ሰው ስም መናገር እንደማልችል ገለጽኩለት። ፈገግ አለ።

«ደግ አደረጉ መጠየቅዎ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያወራ ነበር» አለኝ። «ሰኞ ይምጡ፤ ቤት ያፈራውን ቀምሰው፣ እሷንም ራሷን ያነጋግሯታል።»

አመሰገንኩት። ከራሷ አፍ መስማት ከዚህ በላይ የምፈልገው አልነበረም። ቃሉን እንዳለ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፤ ከዚያ ለእህቴ ሽንኩርትና ሎሚ ገዝቼ ስመለስ ያንን ሰው እንደገና አየሁት። ገበያው ገና እየሞላ ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም በጎች እየነዳ ከገበያው ይወጣ ነበር። ይህንንም ጻፍኩት፦ «አምስት ሰዓት ከሩብ፣ በጎቹን ሳይሸጥ ተመለሰ»። ጻፍኩት እንጂ አላሰብኩበትም።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ልጅ የደረስኩበትን ነገርኳት። ቡና ቤት ውስጥ ለአዘጋጄ እንደማስረዳው ነበር ያስረዳኋት፤ ይህ ይታወቃል፣ ይህ አይታወቅም፣ ሰኞ ደግሞ ዋናውን እንሰማለን።

«እሱን ጠየቁት?» አለችኝ።

«አዎ። የእሱንም ቃል መስማት አለብን።»

«መታወቂያውንም ነገሩት?»

እህቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ወንድሟ አይደል እንዴ፣ ሰው ሳይጠየቅ በምን ይታወቃል ብላ ደገፈችኝ። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ሳትጨምር እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ ሌባውን እኮ ነው በሬው የት እንዳለ የጠየቁት።»

እሑድ ማለዳ ጫማዋን ስታጠልቅ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። እርስዎን ካዩ አያስገቡንም ብላ ወጣች። ስድስቱም ሄዱ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ስድስተኛው ጥራዝ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ልጅ ሐሙስ ዕለት ጨርሳ፣ እኔ እንዳነበው ለእህቴ ልጅ ሰጥታታለች። ገልጬ አንድ ገጽ አነበብኩና ደግሜ አነበብኩት፤ ምን እንደሚል አልያዝኩም። ሪፖርተር ሰው መጠበቅ ይችልበታል ይባላል። በበር ላይ፣ በችሎት፣ በሆስፒታል ኮሪደር ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እኔ ያበላሸሁትን ነገር ሌላ ሰው አይቶት እስኪመጣ ጠብቄ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጥራዙን ይዘዋል፤ ልጅቱን አይደለም።

የእህቴ ልጅ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔም ጻፍኩ። እናትየዋ አጥሩ ዘንድ ተቀበለቻቸው። ማን ናችሁም አላለቻቸውም። ጥራዙ በፌስታል ተጠቅልሎ በበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ልጄ፣ ጓደኞቼ መጽሐፍ ሊወስዱ ይመጣሉ እያለች ዓርብ ማታንና ቅዳሜ ጠዋትን ከአጥሩ ሥር አልተነሳችም ነበር አለቻቸው። ቅዳሜ ወንድሟ ከገበያ በጎቹን እየነዳ በጊዜ መጣ። አጅባር አክስቷ ዘንድ ላድርሳት፣ እዚያ ትማራለች ብሎ በእግር ይዟት ወጣ። እናትየዋ ለልጆቹ ቆሎ በየእጃቸው ከሰጠቻቸው በኋላ፣ የአጅባር ትምህርት ቤት ፈተናው ሳያልፋት ይቀበላታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

አጅባር ከዚያ በእግር የሁለት ቀን መንገድ ነው። ከአጅባር ደግሞ በኩታበር በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ አልተዘጋም፤ አውቶቡስ አለ። ይህን አውቅ ነበር። ግን እኔ መንገድ ስል የመኪና መንገድ፣ ያውም የእኔ መንገድ፣ ማለቴ ነበር። ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ ከሚሄድ ሕዝብ መካከል ተወልጄ፣ መንገዱ ተዘግቷልና የትም አትሄድም አልኩ።

ዓርብ ሄደው ቢሆን ያገኟት ነበር። ይህን የእህቴ ልጅ አላለችኝም። ጥራዙን ከፌስታሉ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችውና ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ሰኞ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። የነበረችው ሠራተኛ በደንብ አዳመጠችኝ፤ ለአጅባር ደብዳቤ ጽፋ ማኅተም አሳረፈችበት። ሁለታችንም ደብዳቤውን አየነው። ስልክ የለም፣ መኪና የለም። መንገድ ሲከፈት የመጀመሪያው ተሳፋሪ እኔ ነኝ፣ ለእኔ ስጪኝ አልኳት። ከዚያ ወዲያ በየሱቁ በር ላይ መንገዱ መቼ ይከፈታል እያልኩ የምጠይቀው እኔ ሆንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ተከፈተ። የእህቴ ልጅ ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ተሸከመችልኝ። ደህና ይግቡ አለችኝ። ሚኒባሱ አቀስታ ላይ ለምሳ ሲቆም ከመኪናው አልወረድኩም። ደሴ አደርኩና ዓርብ በመጀመሪያው አውቶቡስ በኩታበር አድርጌ አጅባር ገባሁ። ደብዳቤውን ለሚመለከተው ክፍል ሰጠሁ፤ አንድ ፖሊስ አብሮኝ መጣ። የልጅቱ አክስት ከእህል ገበያው ጀርባ ነው የምትኖረው። አዎ መጥታ ነበር አለች። ሰኞ ማታ ገብታ አድራ፣ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት በደሴ አውቶቡስ ይዛት ሄደች። ሴትዮዋን አላውቃትም፣ አነጋገሯ የኩታበር ሰው ይመስላል አለች። ወንድምየው በዚያው ቀን ወደ አገሩ ተመልሷል። ፈቅዳ ነው የሄደችው አለችን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት፣ እህል ግን አልቀመሰችም አለች።

ደሴ ተመልሼ መርማሪ ፖሊስ ዘንድ ቀረብኩ። ምስክርነት ቃል ሰጥቼ አላውቅም። እኛ እንጽፋለን እንጂ አንመሰክርም የሚል ልማድ አለን፤ እኔም ስንት ጊዜ ተጠርቼ በዚሁ ልማድ ተከልያለሁ። ያን ቀን ከሥራዬ ጀምሬ ሁሉንም ተናገርኩ። መርማሪው ጎልማሳ ነው፤ ሲጽፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በግ ተራው ላይ ወንድሟን አግኝቼ የማውቀውን እንደነገርኩት፣ እሱም ያን ዕለት ልጅቱን ይዞ እንደወጣ ስደርስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ።

«ይህ ለምርመራው አይጠቅምም። ለእርስዎም ጥሩ አይደለም፤ ልተወው?»

«ይጻፍ» አልኩት።

አንብቦ አሰማኝ፤ ፈረምኩ። ፋይሉ ዛሬም አልተዘጋም። ወንድምየው ተጠይቆ፣ ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነው፣ ራሷ ፈልጋ ነው የሄደችው ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የእሱ ቃልና የእኔ ቃል አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሚዛኑ ተጠብቋል።

ያን ቀን ከመርማሪው ቢሮ እንደወጣሁ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ ተመልሶ ነበር። አጅባር ያየሁትንና ለመርማሪው ቃሌን መስጠቴን ነገርኳት።

«በግ ተራውንም ነገሩት?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ነገርኩት። ተጽፏል።»

ከዚያ በአራተኛው ጥራዝ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በእርሳስ የተጻፈ የስልክ ቁጥር አለ አለችኝ። የጓደኛዋ እጅ ጽሕፈት ነው። ያገኙት ያን እሑድ፣ ጥራዙን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ነው። ኔትወርክ ሲመጣ ራሳቸው ሊደውሉ ተነጋግረው ደብቀውት ነበር፤ ደወሉ፣ ስልኩ ዝግ ነው።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ መልሱን እያወቅኩ።

«ብነግርዎት ደውለው የባለ ስልኩንም ቃል ይቀበሉ ነበር።»

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አለችልኝ፤ እኔም መልሼ አነበብኩላት። በልማዴ መጀመሪያ የማን ስልክ እንደሆነ አጣራለሁ፤ ቢያንስ ከሌላ ሰው አረጋግጣለሁ። ስልኩን ዘግቼ ወደ መርማሪው ቢሮ ተመልሼ ገባሁና የስልክ ቁጥር እንዳገኘሁ ነገርኩት። የማን ቁጥር ነው አለኝ። አላውቅም አልኩት። ተጣርቷል ወይ ሲለኝ፣ «አልተጣራም፤ ይጻፉት» አልኩና ቁጥሩን አንድ በአንድ እጠራለት ጀመር።